የኮሮላዬ አጭር ሞላና የሚስተካከል ሾክ፦ በባሕር ዳር ኮብልስቶን ላይ የተገኘ ልክ

ኢ110 በሚል መለያ የምትታወቀው የቶዮታ ኮሮላዬ ከፋብሪካ ከወጣችበት ከፍታ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ባሕር ዳር ውስጥ በየዕለቱ እየሠራች ነው። አራት አጫጭርና ጠንከር ያሉ ሞላዎች፣ እንዲሁም አናታቸው ላይ ጥንካሬያቸውን የሚያስተካክል ባለ ስምንት ደረጃ ማዞሪያ ያላቸው አራት ሾኮች (የሞላውን ውዝዋዜ በዘይት የሚያፍኑ ዕቃዎች) ገብተውላታል። ሥራውን የጀመርኩት ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ወደ ጎንደር በሚወስደው ኮረብታማ መንገድ ላይ መኪናዋ በየኩርባው ወደ ጎን መጋደሏን ለመቀነስ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስለ ሾክ አሠራር ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ የሰፈሬ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ሆኗል። ስለዚህ ስለ ገጠማው ጠቅለል አድርጌ፣ ስለ ማዞሪያው አስተካከል ደግሞ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ አጭር ሞላ ለምን ጠንካራ መሆን እንዳለበት መረዳት ያስፈልጋል። መኪና በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ስትል፣ ሾኩ ተጨምቆ ከማቆሚያ ጎማው (በዘንጉ አናት ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ምት ከሚቀበለው ላስቲክ) ጋር እስኪገናኝ ድረስ የሚጓዘው ርቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የቀረው ርቀት እንዲበቃ ሞላው የበለጠ መቋቋም ይኖርበታል። ለምሳሌ አንዱ ጎማ 250 ኪሎ ይሸከማል፣ ሞላውም በተጨመቀበት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ኃይል ይመልሳል ብንል፣ መኪናዋ በዚያ ጥግ በሰከንድ 1.4 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ትላለች። ሞላው በ30 ከመቶ ጠንክሮ 26 ኒውተን ሲሆን ደግሞ ይህ ቁጥር ወደ 1.6 ያድጋል። ሾኩ ግን በ30 ከመቶ መጠንከር አያስፈልገውም፤ ውዝዋዜውን ለማፈን የሚፈለገው ኃይል የሚያድገው በሞላው ጥንካሬ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ 14 ከመቶ ገደማ ይበቃል። ይህን ስሌት ከገጠማው በፊት በወረቀት ላይ መሥራቴ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው የማጥበቅ ፍላጎት እንዳያድርብኝ ረድቶኛል።

የነበረውን ሞላ አስቆርጦ ማሳጠር ርካሽ መንገድ እንደሆነ የሚመክሩ አሉ። እኔ በፍጹም አልደግፈውም። በእሳት ሲቆረጥ የብረቱ ጥንካሬ በሙቀቱ ይበላሻል፤ በመፍጫ ቢቆረጥም እንኳ የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ እንደሚገባው አይቀመጥም፣ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋም ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ገጠማው የተከናወነው ብዙ ልምድ ባላቸው አንድ መካኒክ ጋራዥ ሲሆን፣ እኔም አብሬ ሠርቻለሁ። የዚህች ኮሮላ አራቱም ጎማዎች ሾክና ሞላቸው አንድ ላይ ተገጣጥመው የሚወጡ ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የፍሬን ቱቦው ከሾኩ ላይ ይላቀቃል፣ ከታች ሁለቱ ብሎኖች፣ ከላይ ደግሞ ሦስቱ ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ከዚያም ሙሉ ዕቃው ወደ ጠረጴዛው ይመጣል። አደገኛው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። «ሞላው በሁለት በኩል ሳይታሰር መሐል ያለችውን ዳዶ እንዳትነካት፤ ፊትህንም ከላይዋ አታድርግ» አሉኝ መካኒኩ። ሁለቱን የሞላ መጭመቂያዎች ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያልን ስናጠብቅ የሞላው ጥቅሎች ቀስ በቀስ ተቀራረቡ፤ ሞላው ከላይኛው መቀመጫው ላላ ብሎ በእጅ መነቅነቅ ሲጀምር ብቻ ነው መካኒኩ ዳዶዋን የፈቷት።

ሲገጠም ትኩረት የሚሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሾኩ ዘንግ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ብሎ በፒንሳ መያዝ ልማድ ቢሆንም፣ በዘንጉ ላይ የምትቀር ትንሽ ጭረት የዘይቱን መዝጊያ ጎማ እየላጠች አዲሱን ሾክ ዘይት ታስለቅሰዋለች። ሁለተኛው የኋላ አርሞች (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ብረቶች) መጋጠሚያ ላይ ያለው ቡሽ ነው። ላስቲክ ስለሆነ ሲጠብቅ በነበረበት አቋም ይያዛል፤ መኪናዋ በክሪክ እንደተንጠለጠለች ብሎኑ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ስትወርድ ቡሹ ሁልጊዜ ተጣሞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ የመጨረሻውን ማጥበቅ የሠራነው መኪናዋ በአራት እግሯ ከቆመች በኋላ ነው።

አሁን ወደ ማዞሪያው ልምጣ። የእኔ ሾክ ማዞሪያ በዋናነት የሚቆጣጠረው ሾኩ ሲዘረጋ ያለውን ጉዞ ነው፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር በሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ ጎማው ወደ ታች የሚመለሰው በዝግታ ይሆናል። ዘንባባ በተሰለፈበት ዋናው አስፋልት ላይ 6ኛው ደረጃ እጅግ ደስ የሚል ነበር፤ መኪናዋ ጸጥ ብላ ትጓዛለች፣ መሪው ሲዞር ወዲያው ትታዘዛለች። ወደ ሰፈር ውስጥ ስንገባ ግን በዚያው ደረጃ ላይ እያለች፣ ድንጋዩ እዚህም እዚያም በሰመጠበት ኮብልስቶን ላይ ሆዷን መምታት ጀመረች፤ የሚገርመው የምትመታው በመጀመሪያው ጎድጓድ ሳይሆን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ነው። ከጓደኞቼ አብዛኞቹ «ሾኩን አጠንክረው» የሚል ምክር ሰጡኝ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜውን ማስላት በቂ ነበር። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ትጓዛለች፤ ጎድጓዶቹ በየሜትሩ ካሉ፣ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ከ0.2 ሰከንድ ያነሰ ነው። ሾኩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞላውን ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ ካልፈቀደለት፣ ቀጣዩ ምት የሚመጣው ሞላው ገና በግማሽ እንደተጨመቀ ነው፤ በዚህ ዓይነት መኪናዋ ከምት ወደ ምት እየሰመጠች ትሄዳለች። ከ30 ሚሊ ሜትሩ በላይ ሌላ ዝቅታ የሚጨምርባት ራሱ የጠነከረው ሾክ ነው። መፍትሔው ማላላት ነበር።

ይህን በዓይኔ ለማረጋገጥ የሾኩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ሰብስቤ፣ በዘንጉ ላይ ለሽቦ ማሰሪያ የምንጠቀምባትን ቀጭን ፕላስቲክ አሰርኩበት። ሾኩ ሲጨመቅ ፕላስቲኳን ወደ ላይ ይገፋታል፣ ሲመለስ ግን እዚያው ትቷት ይወርዳል፤ በመሆኑም የተጨመቀበትን ከፍተኛ መጠን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። በ6ኛው ደረጃ ፕላስቲኳ ማቆሚያ ጎማው ሥር ተጣብቃ ተገኘች። በ3ኛው ደረጃ፣ በዚያው መንገድና በዚያው ፍጥነት፣ ከማቆሚያ ጎማው በታች የጣት ውፍረት ያህል ቀርታ ነበር። እንዲህ ባለ ርካሽ ነገር ይህን ያህል ግልጽ መልስ ማግኘት በጣም አስደስቶኛል።

ከልክ በላይ ማላላትም የራሱ ጉዳት አለው። ልኩን ለማግኘት በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መጋጠሚያ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት እያለፍኩ፣ መኪናዋ ከፍ ብላ ከተመለሰች በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ትነሣ እንደሆነ አስተውያለሁ። በ1ኛው ደረጃ ትነሣለች፤ በ2ኛው ከፊት ጥቂት ይቀራል፤ በ3ኛው አንድ ጊዜ ብቻ ወርዳ ትረጋለች። የእኔ መመሪያ ሁለተኛውን መነሣት የሚያስቀረውን ዝቅተኛውን ደረጃ መምረጥ ነው፤ በዚህም መሠረት ፊቱ 3፣ ኋላው 2 ላይ ነው። የኋላው ወንበር በሰው ሲሞላና ሻንጣው ሲጫን ኋላውን ወደ 4 ከፍ አደርገዋለሁ፤ ክብደት ሲጨምር የሚፈለገው ማፈኛም ስለሚጨምር ነው።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ጋደላ ማስተካከል) መታለፍ የለበትም። መኪና ዝቅ ስትል ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደላሉ፣ የፊት አቅጣጫቸውም ይለወጣል፤ ካልተስተካከለ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። የፊት መብራቱም እንዲሁ ከፍታው እንደገና መታየት አለበት። ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ለማድረግ ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የታችኛው አርም የጎማ በኩል ጫፉ ከሻሲው በኩል ከፍ ብሎ መቆም ከጀመረ፣ መኪናዋ የምትጋደልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል ይበልጥ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሞላው ጠንካራ ሆኖም በኩርባ ላይ የምትጋደልበት ኃይል ይጨምራል።

አሁን የሚቀረኝ የክረምቱ ወቅት ነው። ውኃ ሲተኛ ጎድጓዱ ስለማይታይና ብሬከሮችም በጭቃ ስለሚሸፈኑ፣ ፕላስቲኳን ከዘንጉ ላይ ሳላወጣ እቆያለሁ፤ ዝናቡ ሲጠነክር የሚገኘውን ልኬት ከበጋው ጋር አስተያይቼ፣ ማቆሚያ ጎማው አጠር ባለ መቀየር ይኖርበት እንደሆነ የምወስነው ያኔ ነው።