«ስትረስ»ን በአማርኛ ለመጻፍ ስታገል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። «የአንድ ተመራማሪ ሕይወት ይዤ ከሥር ከመሠረቱ አጠናለሁ» ብዬ ፎክሬባችሁ ነበር አይደል? ሦስት ወር ሞላኝ። የያዝኩት ሰው ሐንስ ሴልዬ ነው። ዛሬ ሁላችንም አፍ ላይ ያለውን «ስትረስ» የሚል ቃል በሕክምናው ዓለም ያስፋፋው እሱ ነው።

ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነበር። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት አነባለሁ፤ ማስታወሻ የምይዘው ግን በአማርኛ ብቻ ነው። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ስትረስ ማለት ጭንቀት» ብዬ በትልቁ ጽፌ አሰመርኩበት። ሦስት ወር ያሰቃየችኝ ያቺ መስመር ናት።

የልጅነቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1907 ቪየና ተወለደ፤ ያደገው በዳኑብ ዳር ባለችው ኮማሮም ነው። አባቱ ሀንጋሪያዊ፣ የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም፤ እናቱ ደግሞ ኦስትሪያዊት ነበረች። ፕራግ ሕክምና ተምሮ በ1929 ተመረቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኬሚስትሪ ዶክትሬት ጨመረበት። ከዚያ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ድጋፍ አሜሪካ ሄደ፤ በ1932 ደግሞ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሊፕ ዘንድ ገባ። ኮሊፕ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ኢንሱሊንን አጣርቶ ለበሽተኛ እንዲሰጥ ካበቁት ሰዎች አንዱ ነው። ያኔ የዘርፉ ሰው ሁሉ አዲስ ሆርሞን (ዕጢ ወደ ደም የሚለቀው ኬሚካል) ፍለጋ ላይ ነበር። ሴልዬም እንደዚያው።

ዋናው ታሪክ እዚህ ይጀምራል። ከከብት ኦቫሪ (የሴቷ የእንቁላል ዕጢ) የጨመቀውን ፈሳሽ አይጦች ላይ ይወጋል። ከዚያ ይከፍታቸዋል። ሦስት ነገር አየ። ኩላሊት አጠገብ ያለው የአድሬናል ዕጢያቸው አብጧል። ደረት ውስጥ ያለው የታይመስ ዕጢያቸው ሟሙቷል። ጨጓራቸውና አንጀታቸው መጀመሪያ ላይ ቆስሏል። አገኘሁት አለ፤ አዲስ ሆርሞን! ግን የእንግዴ ልጅ ጭማቂ ሲወጋም ያው ሆነ። የኩላሊት ሲወጋም ያው። በመጨረሻ ፎርማሊን ወጋ፤ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረገውን ማለት ነው። ሦስቱም ምልክቶች ብሰው መጡ። አለቀ፣ አዲስ ሆርሞን የሚባል ነገር የለም።

አንድ ስህተቴን ልናዘዝ። እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት በሌላ መልክ ነው። ሴልዬ እጁ የማይረባ ስለነበር አይጦቹን ሲወጋ ይጥላቸዋል፣ በመጥረጊያ ሲያባርራቸው ይውላል፤ የታመሙት በዚያ ነው ይባላል። ትላልቅ ምሁራን ሳይቀሩ ያወሩታል። እኔም ሥራ ቦታ ሻይ ላይ አውርቼው ሰው ሁሉ ሳቀልኝ። በኋላ የራሱን ትረካ ሳነብ መጥረጊያም የለ፣ ማሯሯጥም የለ። ያለው ፎርማሊኑ ነው። ሻይ ላይ ለነበሩት ማስተባበያ ሰጥቻለሁ፤ ማንም አልሳቀም።

ከከሸፈው ሙከራ በኋላ ቆዝሞ ሳለ፣ ፕራግ ተማሪ እያለ ያየው ነገር ትዝ አለው። አስተማሪው የተለያየ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ክፍል ውስጥ እያቀረበ የየበሽታቸውን ልዩ ምልክት ያሳያል። ልጁ ሴልዬ ግን ሌላ ነገር ነው የታየው። ሁሉም ያው ናቸው። ምግብ አያሰኛቸውም፣ ሰውነታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ምላሳቸው ነጭ ለብሷል። በቃ በሽተኛ ይመስላሉ። አስተማሪው ያለፈው ነገር ይሄ ነበር። አይጦቹም ሲያሳዩት የነበረው ይህንኑ ሊሆን ይችላል አለ።

በሐምሌ 1936 «ኔቸር» መጽሔት ላይ አንድ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሷ ላይ ስትረስ የሚል ቃል የለም፤ «ጎጂ ነገሮች» ነው የሚለው። ብርድ ሊሆን ይችላል፣ ቀዶ ጥገና፣ ከአቅም በላይ መሮጥ፣ መድኃኒት ማብዛት። ሰውነት ለሁሉም የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ከ6 እስከ 48 ሰዓት። ቀጥሎ መቋቋም። ጉዳቱ ካልቆመ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መዛል ይመጣል። የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው «ዕድሜህን በቆሻሻ ምርምር ልታባክን ነው» በሚል ስሜት እንደመከሩት እሱ ራሱ ጽፏል። ያበረታታው ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው ባንቲንግ ነበር።

አሁን ወደ አንድ በግ ልውሰዳችሁ። አድሬናልን በሥዕል ብቻ ማየት ሰለቸኝ። ለፋሲካ አጎቴ በግ ሲያርድ ቢላ ይዤ ጠጋ አልኩ። ሥዕሉ ላይ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ ተደፍቶ ስለሚታይ ሁለቱንም ኩላሊት አገላበጥኩ። ምንም የለም። አክስቴ «ሞራውን ምን ታተራምሰዋለህ አንተ ልጅ?» ትላለች። ለካ ቆቡ የሰው ነው። የበጉ ከኩላሊቱ ፈንጠር ብሎ፣ ወደ አከርካሪው በኩል፣ ሞራ ውስጥ ተቀብሯል። ትልቅ ባቄላ ያክላል። ለሁለት ስሰነጥቀው ዳሩ ጠቆር ያለ፣ መሐሉ ፈካ ያለ ነው። አይጦቹ ላይ ያበጠው ያ ዳሩ ነው፤ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን የሚወጣውም ከእሱ ነው። ከሦስት ወር ንባቤ በእርግጠኝነት የማልረሳው ያቺን ባቄላ ነው።

እና ቃሉስ? በብርድ የደነዘዘች አይጥን «ተጨነቀች» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። «ጭንቀት»ን ሰረዝኩት። እዚህ ላይ ነው ሴልዬም በዚሁ ቃል ተቸግሮ እንደነበር ያገኘሁት። በምህንድስና ስትረስ ማለት ብረቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። ብረቱ ውስጥ ለሚፈጠረው ለውጥ ሌላ ቃል አለ፣ «ስትሬይን» ይሉታል። ሴልዬ ግን የአይጧን የውስጥ ሁኔታ ስትረስ ብሎ ሰየመ። በኋላ «ያኔ እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ስለነበር ነው» በሚል አምኗል። ቃሉ አንዴ ከአፍ ወጥቷል፤ ስለዚህ ለመንስኤው «ስትረሰር» የሚል ሌላ ቃል መፍጠር ግድ ሆነበት። ፈረንሳዮቹ አልተጨቃጨቁም፣ «ለ ስትረስ» ብለው ተቀበሉት።

እኛ ጋ ግን ሁለቱም ቃል አለ! አህያዋ ላይ የሚጫነው ጫና ነው። የክራሩ ጅማት የሚሆነው ውጥረት ነው። ፎርማሊኑ ጫና፣ ያበጠው ዕጢ የውጥረት ምልክት። ይህን የጻፍኩ ማታ ደስታ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ውጥረት በሉት።

ደስታዬን ያደበዘዘው ሌላ ነገር ነው። ከ1945 ጀምሮ ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የራሱን ተቋም የመራ፣ ለኖቤል በተደጋጋሚ የታጨ ሰው ከትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ ይቀበል ነበር። በ1969 የካናዳ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ማጨስ ለአንዳንድ ሰው ውጥረት ያረግባል በሚል ሲከራከር ገንዘቡን አልተናገረም። በ1982 ሲሞት ጉዳዩ ገና አልተገለጠም ነበር። ጉዱ የወጣው በኋላ፣ የኩባንያዎቹ ሰነዶች በፍርድ ቤት ክርክር ሲገለጡ ነው። ለሳምንት ያህል ደብተሩን ዘግቼ ነበር፤ ተናድጄ።

ስመለስ ጆን ሜሰን የሚባል ተመራማሪ አገኘሁ። ሜሰን ጾም ያዋላቸው ዝንጀሮዎች ሌሎቹ ሲበሉ እያዩ የአድሬናል ሆርሞናቸው ይጨምራል። ለብቻ አድርጎ፣ ጣዕም ያለው ግን ምግብነት የሌለው ነገር ሲሰጣቸው ግን ረሃቡ እንዳለ ሆኖ ሆርሞኑ አልጨመረም። ለካ ረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ ዝንጀሮው የተሰማውም ስሜት አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ገጼ አሁን እንዲህ ነው፦ «ጭንቀት» ተሰርዟል፣ ከጎኑ «ውጥረት» አለ፣ ከስርዙ በላይ ደግሞ በእርሳስ «ዝንጀሮዎቹስ?»