ሳጥን ውስጥ የታፈነው ሞተር

ለራውተሬ፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ እንጨት ለሚቀርጸው የኤሌክትሪክ መሣሪያዬ፣ ጠረጴዛ ስሠራ፣ ሰጋቱራው እንዳይበተን ብዬ ከሥር ያለውን ሳጥን ድፍን አድርጌ ዘጋሁት። 20 ደቂቃ ያህል እንደሠራሁ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ሰነፈጠኝ። እጄን ብሰድ ሞተሩ አያስነካም።

ራውተር የራሱ ፋን አለው፤ አየር በጀርባው ስቦ በመቁረጫው በኩል ይተፋል። ከጠረጴዛው ሥር ተገልብጦ ሲታሰር ጀርባው ወደ ታች ይዞራል፣ ሰጋቱራው ወደሚከመርበት ማለት ነው። ለካ ሞተሩን አቧራ እያበላሁት ኖሯል!

የሳጥኑን ወለል ወደ 10 ሳንቲ ሜትሩ የሰጋቱራ መምጠጫ ቱቦ አዘነበልኩት። በሳጥኑ በር ላይ፣ ከቱቦው ትይዩ፣ የአየር መግቢያ ቀደድኩ። ለሞተሩ ጀርባ ደግሞ ከውጭ ንጹህ አየር የሚያመጣ ቱቦ ለብቻው ሰጠሁት። አሁን ከረጅም ሥራ በኋላም ለብ ይላል እንጂ አይፋጅም።

ከጠረጴዛው በላይ የሚረጨው ብናኝ ግን በዚህ አይያዝም፤ ሌላ መምጠጫ ይፈልጋል። እሱን ገና አልሠራሁትም፤ እስከዚያው በማስክ ነኝ።