13 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ለዓሣ ሲባል ከግድብ ውሃ ይለቀቃል ስል የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም። እኔ የምስቀው በሌላ ነገር ነው። ስቄም ይከነክነኛል።

ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ክረምት ላይ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ጠጠሩ ደለል ከለበሰ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ግድብ ደግሞ ክረምቱን ለመስኖ ውሃ ሲያጠራቅም ከሥሩ ያለው ወንዝ ሙላት አያይም። እናም ነሐሴ መግቢያ ላይ ለአንድ ቀን ጎርፍ መሳይ ውሃ ልንለቅ አቀድን። ጣጣው ያለው መዝጋቱ ላይ ነው። በአንዴ ከተዘጋ፣ ሽቅብ የወጣው ዓሣ ዳር ዳር ኩሬ ላይ ቀርቶ ያልቃል።

ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። 10:00 ላይ ክፈት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጨምር፣ ከ13:00 ጀምሮ ቀስ እያልክ ቀንስ። ለታች ቀበሌዎችም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከብት ወንዝ እንዳይወርድ ተነገረ።

በዕለቱ ከተማ፣ ቢሮ ነበርኩ። የግድቡ ስልክ እስከ ማምሻው አልሠራም። ከታች የውሃ ከፍታ የሚያነበው ልጅ 7 ሰዓት ላይ ደውሎ "ውሃው ንቅንቅ አላለም" አለኝ። "መንገድ ላይ ነው" አልኩት። 9 ሰዓት ላይ ደገመኝ። የወንዙ አልጋ ውሃ እየጠጣ እንደሆነ በዝርዝር አስረዳሁት። በነሐሴ! ማስታወሻዬ ላይም ጽፌዋለሁ።

የበር ኦፕሬተሩ ሲጨልም ደወሉ።

"ኢንጂነር፣ የ12 ተኩሉን ጨርሻለሁ። ቀጥሎ 13 ይላል። 13 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?"

አፌ ተያዘ።

"1 ሰዓት ለማለት ነው?"

"ጋሼ... ስንት ሰዓት ላይ ነው የከፈቱት?"

"10 ሰዓት ነዋ! አንተው ጽፈህ!"

ከብት ወደ ቤት የሚነዳበት ሰዓት። ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ እረኞቹ የውሃውን ድምፅ ሰምተው ከብቱን መልሰዋል። የአንድ መንደር ከብት ማዶ አደረ፤ ሌላ ጉዳት አልነበረም። ጋሼ በሩን በባትሪ ብርሃን እያዩ እስከ እኩለ ሌሊት ቀስ በቀስ ዘጉት። አንድ ደረጃ አልዘለሉም።

ግምገማው ላይ ኃላፊያችን "ኦፕሬተሩ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል" አለ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ቃለ ጉባኤውም እንደዚያው ተጻፈ። አሠልጣኝ ማን ቢመደብ ጥሩ ነው? እኔ።

ጋሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ገና "እንደምን አደራችሁ" ስል እጃቸውን አወጡ። የጥሪ ደብዳቤውን ዘርግተው ያዙት።

"እዚህ 8:30 ይላል። በአንተ ሰዓት ይሆናል ብዬ ጠዋት መጣሁ። ተሳስቼ ከሆነ ከሰዓት እመለሳለሁ።"