የከሰል ክፍሉ

ዛሬ ጠዋት ውጭው ከዜሮ በታች 34 ነበር። ስነቃ እማዬን ጋቢዋን ተከናንባ ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። «ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ከሰል ጨምርበት» አለችኝ፤ ደህና አደርክም ሳትለኝ።

ካናዳ ውስጥ ካለችው ከኤድመንተን ከተማ ወደ ምሥራቅ ወጥተን ገበሬዎች መሃል የገባነው ባለፈው ዓመት ነው። ቤቱ አሮጌ ስለሆነ ዋጋው ቀለል አለልን። ያላሰብኩበት ማሞቂያውን ነው። ኤድመንተን ሳለን ጋዝ በቧንቧ ይመጣልን ነበር፤ የሚመጣው ሂሳብም ያን ያህል አያስደነግጥም። እዚህ ግን መስመሩ እኛ ቤት አልደረሰም። ጓሮ የቆመ ነጭ ታንክ አለ፤ እሱን ፕሮፔን የሚባል ጋዝ እናስሞላለን። የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ሦስት ጊዜ አስሞላን። በሦስተኛው ጊዜ ደረሰኙን ይዤ መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

እማዬ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ብርድ አዲስ አይደለም ለእሷ። ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከነካፖርቷ መዋል ጀመረች። ቴርሞስታቱን፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ፣ 20 ላይ አድርጌ እወጣለሁ፤ ከሥራ ስመለስ 16 ላይ አገኘዋለሁ። የምትቀንሰው እሷ ናት። «ገንዘብህ አለቀ እኮ ልጄ» ትለኛለች። አንጀቴን የበላው ይሄ ነው።

ቤዝመንታችን ውስጥ፣ ከቤቱ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋ ጥቁር ነው፤ ብናጥበው ብናጥበው አልለቅ አለ። ከላይ፣ ከመሬቱ እኩል፣ የብረት መዝጊያ ያላት ትንሽ መስኮት አለቻት። እሳት ተነስቶ የነበረ መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ገበሬ፣ ገብተው ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫ ክፍል ናት አሉኝ። አባታቸው ከሰሉን በፈረስ ጋሪ አምጥተው እንዲህ ባለች መስኮት ይገለብጡ እንደነበር ነገሩኝ። ለካ አልበርታ፣ ኤድመንተን ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ድሮ የምትሞቀው በዚህ ነው። ኤድመንተን ራሷ በወንዟ ሸለቆ ዳርና ዳር ብዙ የከሰል ማውጫ ጉድጓዶች ነበሯት።

ያን ሰሞን ከሰል ፍለጋ ጀመርኩ። ሱቅ ሄጄ «ከሰል አላችሁ?» ስል የባርቤኪው ከሰል ያሳዩኛል። ጠንካራው የድንጋይ ከሰል፣ አንትራሳይት የሚሉት፣ ከአሜሪካ ከፔንሲልቬንያ በከረጢት ይመጣል፤ ማጓጓዣው ሲጨመርበት ከፕሮፔኑ አይሻልም። በመጨረሻ መንገዱን ያሳዩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ራይሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ለቤት ማሞቂያ የሚሸጥ የከሰል ማዕድን ማውጫ አለ። ፒክአፓቸውን ይዘን አብረን ሄድን። መኪናው ባዶውን ይመዘናል፣ ይጫናል፣ እንደገና ይመዘናል። አንድ ቶን ገዛሁ። የከፈልኩት ታንኩን አንድ ጊዜ ከማስሞላበት ሩቡን አይሞላም። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የዚህ አካባቢ ከሰል ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይበዛዋል፣ ምድጃም ሙቀቱን ሁሉ አይሰጥም። ያን ሁሉ ቀንሼለት እንኳ አንዱ ቶን ወደ 500 ሊትር ፕሮፔን ይተካል።

ምድጃው ግን ርካሽ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ባለው የእንጨት ምድጃ ልጠቀም ነበር፤ ጎረቤቴ ከለከሉኝ። ከሰል አየር ከሥሩ ይፈልጋል፣ ወፍራም የብረት ፍርግርግም ያስፈልገዋል። ለከሰል ያልተሠራ ምድጃ ላይ ከነደደ ብረቱን ይጎዳዋል፣ ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ለከሰል የተሠራ ምድጃ ያገለገለ ገዛሁ፣ የጭስ ማውጫውን አስቀየርኩ፣ ለኢንሹራንሱ አሳወቅሁ፣ ባለሙያ መጥቶ አየው። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ እዚያው አለቀ። ማንም ሰው ከሰሉን ከመግዛቱ በፊት ይሄን ያስላ።

እማዬ ከሰሉን በእጇ አገላብጣ አየችው። «ድንጋይ ነው እኮ» አለች። ጣቶቿ ላይ ጥቁር ዱቄት ቀረ። ለእሷ ከሰል ማለት የእንጨት ከሰል ነው፤ ማንደጃ ላይ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ሲቀላ ወደ ቤት የሚገባ። ሰፈሯ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ማንደጃ አስገብተው ተኝተው በዚያው ቀርተዋል። እስከ ዛሬ ስታነሳቸው ድምጿ ይቀንሳል። «ሳይቀላ አስገብተውት ነው» ትላለች። ሲቀላም እንደሚገድል መንገር ነበረብኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጭሱ ስለጠፋ ጋዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የእኛ ምድጃ ዝግ ነው፣ ጋዙ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ያም ሆኖ ቤዝመንትና መኝታ ቤታችን አጠገብ ይሄ ጋዝ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ አድርጌያለሁ። እዚህ አገር በራቸውን በብርድ ዘግተው ማንደጃ ላይ ቡና የሚያፈሉ ወገኖቼን ሳስብ ልቤ ይሸበራል። እባካችሁ ቡናውን ስቶቭ ላይ አፍሉት።

እሳቱን ማወቅ ላይ ግን እማዬ በለጠችኝ። እኔ ከሰሉን ከላይ ደፍቼ ፍሙን ሁሉ ሸፈንኩት። ትንሽ ቆይቶ ከውስጡ የወጣው ጋዝ አንዴ ተያይዞ ቡፍ አለና በሩን ከፈተው። ደነገጥኩ። እሷ በሚቀጥለው ቀን መቆስቆሻውን ተቀብላኝ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ገፋችው፣ አዲሱን ከሰል በሌላው ጎን አደረገች። «አንድ ጥግ ክፍት ተውለት፣ ይተንፍስ» አለችኝ። በኋላ ጎረቤቴን ስጠይቃቸው እሳቸውም የሚያደርጉት እንደዚያው ነው። ጋዙ እንደወጣ ፍሙ ያቀጣጥለዋል፤ አይጠራቀምም።

ልቤን የሚከብደው ነገርም አለ። አልበርታ በከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አገሩ ሲተወው እኔ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሂልክረስት በሚባለው የከሰል ማዕድን ማውጫ፣ እዚሁ አልበርታ ውስጥ፣ 189 ሰዎች በአንድ ቀን ሞተዋል። አካፋውን ሳነሳ አንዳንዴ ትዝ ይሉኛል። የጋዙ መስመር ቢደርሰን በማግስቱ እተወዋለሁ። እስከዚያው ግን እናቴ መብረድ የለባትም።

ዛሬ ማታ አመዱን ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ ገልብጬ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኩት። አመዱ ብዙ ነው፣ ለቀናትም ፍም ይይዛል። ተመልሼ ስገባ እማዬ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ካፖርቷ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እዚያ ከተሰቀለ ሦስት ሳምንት ሆነው።