የኦርጋኑ ነፋስ

ትናንት ማታ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር። ልምምድ ከጨረስን በኋላ ከመዘምራኑ አምስታችን ቀረን፤ ጋቢያችንን እንደተከናነብን በላፕቶፕ አንድ የኳየርና የኦርጋን ኮንሰርት አየን። የተቀረጸው ጀርመን፣ ላይፕዚግ፣ ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሙዚቃ ደራሲው ባክ በፈረንጆቹ ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት ድረስ መዘምራኑን የመራው እዚያ ነው፤ መቃብሩም ዛሬ እዚያው ውስጥ ነው።

እኔን የያዘኝ የኦርጋን ተጫዋቹ እግር ነው። እጁ ከላይ አንድ ዜማ ይጫወታል፣ እግሩ ከታች ሌላ፤ ቀጭን ጫማው ከአንዱ የእንጨት ፔዳል ወደ ሌላው ሳይንኳኳ ይንሸራተታል። የእኛ ኪቦርድ ድምፁን በስፒከር ነው የሚያወጣው። ይሄኛው ግን በነፋስ ነው የሚሠራው፤ ቁልፉ ሲነካ አየር ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቧንቧዎች አሉ! «ልክ እንደ በገና» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው እህታችን። እውነቷን ነው፤ በገናም እንዚራው፣ ጅማቱ ስር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ሲነዝር ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው።

ከዚያ ኦርጋኑ ቆመ። ኳየሩ ብቻውን ቀጠለ፣ በአራት ድምፅ፣ ያለ መሣሪያ። እኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ዜማ ስለምንዘምር አልቶዎቹን፣ ከላይኛው ድምፅ ቀጥሎ ያለውን የሚዘምሩትን፣ ለይቼ ለመስማት ሁለቴ ወደ ኋላ መለስኩት። የመጨረሻው ድምፅ ጣሪያው ስር ትንሽ ቆየ። ማንም ወዲያው አላጨበጨበም። እኛም ዝም አልን፤ ቆይቶ አንዱ ተነሣና ኪቦርዱን መልሶ ሰካው።