«ቀጠሮህ» እና «ቀጠሮዎ»

ለአንድ የጤና ተቋም የቀጠሮ ማስታወሻ መልእክት እንዳዘጋጅ የተሰጠኝ ሥራ ሲታይ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይመስል ነበር። ታካሚው ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው በስልኩ አጭር ጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ሲስተሙ ከመዝገብ ወስዶ ይሞላል፤ የእኔ ድርሻ በመካከል የሚገቡትን ጥቂት ቃላት መጻፍ ብቻ ነበር። ከእንግሊዝኛ የመጣው ረቂቅም ከሁለት ነገር በላይ አይልም፦ ቀጠሮ አለ፤ መምጣት ካልተቻለ አስቀድሞ ይደወል።

ችግሩ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ ይላካል፣ ሒሳቡም የሁለት መልእክት ይሆናል። ስለዚህ «ውድ ደንበኛችን» የሚለው በመጀመሪያው ዙር ተቆረጠ፤ «በአክብሮት እናሳስባለን» የሚለውም ተከተለው። በመጨረሻ የተረፈው «ቀጠሮህ ነገ 3፡00 ነው። እንዳትቀር። ካልቻልክ ቀድመህ ደውል።» የሚል ሆነ፤ እኔም ከልኩ በታች መሆኑን ቆጥሬ አረጋግጬ፣ ረክቼ አስረከብኩ።

ለምን በ«አንተ» እንደጻፍኩት በዚያን ጊዜ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ የምተረጉመው የኮምፒውተርና የስልክ ትእዛዞችን ነው፤ «ላክ»፣ «ሰርዝ»፣ «ክፈት»፣ «አስቀምጥ»። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታም ማዕረግም አይናገርም፤ የአማርኛው ግስ ግን የሚናገረው ለማን እንደሆነ ሳይወስን ከአፍ አይወጣም፣ እኛ ተርጓሚዎችም ማንም ሳይሰበስበን ሁልጊዜ ለአንድ ወንድ፣ ያውም ለእኩያችን ወንድ እንደምንናገር አድርገን ለምደነዋል። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ ለዓመታት እንዲህ ስጽፍ፣ ማንን እያናገርኩ እንደሆነ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መልእክቱ መላክ በጀመረ በሁለተኛው ቀን የጥያቄ መስመሩን ስልክ የማነሣው ተራ የእኔ ነበርና አንዲት እናት ደወሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ልጄ፣ ይህን የጻፈው ልጅ ያውቀኛል?» አሉኝ። ነገሩን እንዲያብራሩልኝ ስጠይቃቸው፣ መልእክቱን ያነበበላቸው የልጅ ልጃቸው «አያቴ፣ ይሄ ላንቺ አይደለም፣ ለወንድ የተላከ ነው» ብሎ ሊያጠፋው ሲል እንደከለከሉት ነገሩኝ። ቀጥለውም «አንቺ ቢለኝ ኖሮ እንኳ የሚያውቀኝ ሰው ነው እል ነበር፤ አንተ ሲለኝ ግን የማን ቀጠሮ እንደሆነም ጠፋኝ» አሉ። ቀጠሮው የእሳቸው ነበር፤ የዓይን ምርመራ። የክብር ጉዳይ ያነሣሉ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ሳለ፣ እሳቸው የጠየቁኝ ግን የመረጃ ጥያቄ ነበር። ለጨዋነት ብቻ የሚጠቅም መስሎኝ ችላ ያልኩት የግሱ ጫፍ፣ ለካ መልእክቱ ለማን እንደተጻፈ የሚናገር አድራሻ ኖሯል።

ስልኩን እንደዘጋሁ ረቂቁን አውጥቼ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። «ቀጠሮህ» አራት ፊደል ነው፤ «ቀጠሮዎ»ም አራት። «እንዳትቀር» ስድስት ነው፤ «እንዳይቀሩ»ም ስድስት። «ቀድመህ» እና «ቀድመው» እኩል አራት አራት ናቸው። «ደውል» ሦስት ሲሆን «ይደውሉ» አንድ ይጨምራል፤ «ካልቻልክ» አምስት ሲሆን «ካልቻሉ» ያንኑ አንዱን ይመልሳል። ድምሩ 22 ለ22 ነው። የቦታ ጥበት ያስገደደኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ጥበቱ ከላይ ያሉትን ማሞካሻዎች ቆርጧል፣ «አንተ»ን የመረጠው ግን ልማዴ ነው።

ጉዳዩ ወደ ክፍላችን ስብሰባ ሲሄድ ያልጠበቅሁት ክርክር ተነሣ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ «አንተ»ው እንዲቆይ፣ ለሴቶችም «አንቺ» እንዲጨመር ፈለገ። አንቱታ ርቀት ነው፣ ታካሚን የሚያሸማቅቀውም ይኸው ርቀት ነው፣ እኛ ካልጀመርነው ማን ይጀምረዋል ሲል ተከራከረ። ምሳሌውንም ከስዊድን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአገሪቱን የሕክምና አስተዳደር መሥሪያ ቤት እንዲመሩ የተሾሙት ብሮር ሬክሴድ፣ ለሠራተኞቻቸው ባደረጉት የትውውቅ ንግግር ሁሉንም በ«ዱ»፣ ማለትም በእኛ አነጋገር በ«አንተ» እና በ«አንቺ» እንደሚጠሩ አስታወቁ፤ ከዚያ በፊት ሰውን በማዕረጉ እየጠሩ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆኖ ማናገር የተለመደ ነበር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን «ዱ» አገሩን ሞላው። (ስለ እኩል አጠራር ስማቸው የሚነሣውን ሰው እኔ በአንቱታ እየጻፍኩ መሆኔን አንባቢ ይታዘብ ይሆናል። «የተሾመው» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።)

ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን በስዊድን ንግግሩ ከመደረጉ በፊት ሰዉ ራሱ ወደዚያ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። እኔ የመለስኩለት ከራሳችን ቋንቋ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጓድ» የሚለው ቃል አለቃንም ተራ ሠራተኛንም እኩል እንዲጠራ ታስቦ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ሆኖም ዜና አንባቢው «ጓድ ሊቀመንበር» ብሎ ሲጀምር ግሱ ላይ ሲደርስ «አስገነዘቡ» ይላል እንጂ «አስገነዘበ» አይልም ነበር። መጠሪያው ተለወጠ፣ ግሱ ግን ደረጃውን ይዞ ቀረ፤ በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ መጠሪያው አብሮ ሄደ፣ ግሱ አሁንም እዚያው አለ። በአዋጅ የሚለወጠው ቃል ነው፤ ግስ ግን የሚለወጠው፣ ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ሁኔታ ሲለወጥ ይመስለኛል፣ ለዚያም ትውልድ ይፈጃል።

ኃላፊያችን እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበርና «እንግሊዝኛው እኮ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ሳልረዝም አልቀረሁም። እንግሊዝኛም ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው» የሚል የቅርብ መጠሪያ ነበረው፤ «ዩ» ለብዙዎች፣ ቀጥሎም ለሚከበር አንድ ሰው የሚባል ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉት አማኞች በእግዚአብሔር ፊት ሁሉ እኩል ነው በማለት ዳኛውንም ባለጸጋውንም «ዛው» እያሉ በማናገራቸው ሲሰደቡና ሲደበደቡ ኖረዋል። በስተመጨረሻ ያሸነፈው ግን «ዩ» ነው። ስለዚህ ከፊታችን የነበረው ረቂቅ ከማዕረግ ነጻ የሆነ ቋንቋ ሳይሆን፣ ሁሉንም ሰው አንቱ ማለት የለመደና መልመዱንም የረሳ ቋንቋ ነው።

ክርክሩን የዘጋው ግን ታሪክ አልነበረም። ኃላፊያችን የሲስተሙን ባለሙያ «ጾታ ከመዝገቡ ይደርሳችኋል?» ብለው ጠየቁት። አይደርስም፤ ወደ መልእክት መላኪያው የሚተላለፈው ስልክ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲያው «አንተ»ንና «አንቺ»ን ለይቶ መላክ የማይቻል ነገር ሆነ። «እርስዎ» ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። ቃሉ ከ«ራስ» የመጣ ነው፤ የሰውየውን ራስ እንጂ ጾታውን አይጠራም። ለሹምና ለሽማግሌ የኖረው ይህ አጠራር፣ ማንን እንደሚያናግር የማያውቅ መሣሪያ ሲመጣ አዲስ ሥራ አገኘ። ባልደረባዬ የፈራውን አሮጌ ርቀት፣ እኔ የማውቀውንም አክብሮት ሳይሆን፣ «ማን እንደሆኑ ስለማላውቅ አልገምትም» የሚል ሦስተኛ ነገር ተሸክሞ ወጣ ማለት ነው።

በተስተካከለው መልእክት ላይም ቅሬታ አልጠፋም። አንድ ወጣት ቀጠሮው ካለፈ በኋላ መጥቶ፣ «እርስዎ» ሲል ለአባቴ የተላከ መስሎኝ ለእሳቸው አስተላልፌው ነበር አለ። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ መብቱ ነው። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ከስልኩ «አንተ» ሲባል አድጓል፣ እንደዚያ ያስለመድነውም እኔና መሰሎቼ ነን። ከዚያ በኋላ የታካሚው ስም በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ እንዲገባ ጠየቅን፤ ከ70ው ላይ ጥቂት ፊደል ይወስዳል፣ ግን ስም ከማንም ተውላጠ ስም የተሻለ አድራሻ ነው።

አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሲስተሙ ያስገባሁት እኔ ነኝ። «እንዳይቀሩ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያም ከሥሩ ያለውን፣ ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ «ላክ» ብዬ የተረጎምኩትን ቁልፍ ተጫንኩ።