አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተለቀመ ሳቫቲያኖ

ከአቴና በስተምሥራቅ በሚገኘው የሜሶጊያ ሜዳ የባለቤቴ ቤተሰብ የሳቫቲያኖ ወይን ያለማል። ሳቫቲያኖ ድርቅ የሚችል የአቲካ (የአቴና ዙሪያ አካባቢ) ነባር ነጭ ወይን ሲሆን፣ ለዘመናት የጥድ ሙጫ ለሚገባበት፣ ሬትሲና ለተባለው የግሪክ ወይን ጠጅ ሲውል ኖሯል። እኛ ሙጫም፣ የፋብሪካ እርሾም፣ ወይን ጠጁን ከመበላሸት የሚጠብቀውን ሰልፋይትም ሳንጨምር ለመጥመቅ ወሰንን። መግረዙና መጭመቁ የተለመደ ሥራ ስለሆነ አልዘረዝረውም፤ የተሳሳትሁት በመልቀሚያው ቀን ነው።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ስኳሩ 13 በመቶ አልኮል የሚሰጥበት ደረጃ እስኪደርስ እንድንጠብቅ መከሩን። አማቴ ግን «ልጄ፣ ፍሬውን ቅመሰው፤ ኮምጠጥ ማለቱ እየጠፋ ነው» እያሉ ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። እኔ ወረቀቱን አመንሁ።

የሳቫቲያኖ አሲድ ከመነሻውም ብዙ አይደለም፤ በሙቀት ላይ ሲቆይ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል፤ አሲዱ ያነሰ ጭማቂም ሰልፋይት ካልገባበት ባክቴሪያን የሚመክትበት አቅም የለውም። ይህን ሳላገናዝብ 1,000 ሊትሩን በአንድ ታንክ ሞላሁት። በአምስተኛው ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አለፈ፤ እርሾው ደከመ፤ ስኳሩ ሳያልቅ መፍላቱ ቆመ። ወዲያውኑ አቀዝቅዤ በሚፈላ ጥንስስ ማስነሳት ሲገባኝ፣ ናሙና ልኬ ውጤት ጠበቅሁ። ላቦራቶሪው ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ በደወልሁ ቁጥር «ወረፋ አለ» የሚለው መልሳቸው ዛሬም ያበሳጨኛል። በእነዚያ ቀናት የላክቲክ ባክቴሪያ የተረፈውን ስኳር እየበላ የኮምጣጤ አሲድ ሠራበት። የአውሮፓ ኅብረት ለነጭ ወይን ጠጅ በሊትር እስከ 1.08 ግራም ሲፈቅድ፣ የእኛ 1.5 ሆኖ ተገኘ፤ ታንኩ በሙሉ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። ክዳኑን በከፈትሁ ቁጥር ሽታው ይነግረኝ ነበር፤ አፍንጫዬን አለማመኔ ከላቦራቶሪው መዘግየት ይልቅ ይቆጨኛል። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ጥንስሱን አስቀድማ ታዘጋጅ የነበረው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ ሳቫቲያኖን ያለ ሰልፋይት ለመሥራት ያሰበ ሰው፣ ባለሙያው ምንም ቢሉ ከስኳሩ ይልቅ አሲዱን ይከታተል፤ ከዋናው ለቀማ አምስት ቀን ቀደም ብሎም ጤነኛ ዘለላዎችን መርጦ በትንሽ ዕቃ ጥንስስ ያስነሳ። መፍላቱ ከቆመበት ደግሞ ሰልፋይት ለመጨመር አያቅማማ፤ የቤተሰብ የዓመት ድካም ከሚበላሽ ጥቂት ሰልፋይት ቢገባበት እመርጣለሁ።

ዘንድሮ በኦገስት ሦስተኛ ሳምንት፣ ስኳሩ ገና 11.5 በመቶ አልኮል በሚሰጥበት ደረጃ ሳለ፣ አማቴ ፍሬውን ቀምሰው «ዛሬ» ሲሉ ለቀማ ጀመርን። ጭማቂውን ለሦስት ትናንሽ ታንኮች ከፋፈልነው፤ በ19ኛው ቀን ሦስቱም ስኳራቸውን ጨርሰው ነበር።